የአየር ፊኛው ጣርማ በርን ሲሻገር

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሕክምና ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን ሲሉኝ፣ የምህንድስና ባልደረቦቻችን ስለ ለስላሳ ሮቦት ሲያወሩ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ከላስቲክ የተሠራ፣ በአየር እየተነፋ የሚታጠፍና ዕቃ የሚጨብጥ ሮቦት ነው። ትልቁ ጣጣ የውስጡን የአየር ግፊት ልክ ማስያዙ ነው አሉ። እኛ ሐኪሞች ይህንን ጣጣ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘነው ኖረናል እኮ!

ጣልያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን የደም ግፊት መለኪያ ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአድዋው ዓመት መሆኑ ነው። የተጠቀመው የብስክሌት ካላማዳሪ ነበር (ቃሉንም ከእነሱው ነው የወሰድነው)። ጠባብ ስለነበረ ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳይ ነበርና ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1901 አሰፋው። በ1905 ሩስያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በማዳመጫ ድምፁን መስማት ጨመረበት። መንፋት፣ ቀስ እያሉ ማስተንፈስ፣ ማዳመጥ፦ ዛሬም ያንኑ ነው የምናደርገው።

ፊኛን እንደ ጡንቻ ያሠራው ደግሞ አባት ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ማኪበን፣ ፖሊዮ እጇን ላሰነፈባት ልጁ ብሎ፣ የጎማ ቱቦን በተጎነጎነ መረብ ውስጥ ከተተ። ሲነፋ ይወፍርና ያጥራል፤ እንደ ጡንቻ ይስባል። የዛሬዎቹ ሮቦቶች ከዚህ ሐሳብ ብዙ አልራቁም።

እኔን ግን በጣም የሚያሳስበኝ ትንሿ ፊኛ ናት፤ የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው። ትሬንደለንበርግ በ1871 ስለ እሷ ጽፏል። በ1920ዎቹ ጌዴል የገዛ ውሻውን አደንዝዞ፣ ቱቦውን በፊኛ ዘግቶ ውኃ ውስጥ አጠለቀው፤ ውሻው በሰላም ነቃ። ፊኛዋ ውኃ ማስገባት ከለከለች ማለት ነው። ጉዳቷ የታወቀው ቆይቶ ነው። በጣም ስትነፋ የትንፋሽ ቧንቧን ግድግዳ ደም ታሳጣለች፤ ግድግዳው ይቆስላል፣ ሲድን ይጠብባል። በ1984 የታተመ ጥናት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ሲሆን የደም ዝውውሩ እንደሚታወክ አሳየ። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 እንይዛታለን።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ከሸዋ ሮቢት ቱቦ የገባለት ሕመምተኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላክ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በር ይወጣል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻ ዳገቱን አሳጠረልን እንጂ ከአየሩ መሳሳት አላዳነንም። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት ወደ 650 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ግን ወደ 520 ይወርዳል። ታች የተዘጋው አየር ላይ ሲደርስ አንድ አራተኛ ያህል ልበጥ ይላል። የታሸገ ቺፕስ ይዞ ዳገቱን የወጣ ሰው አይቶታል። ፊኛዋ ግን የምታብጥበት ቦታ የላትም፤ የሕመምተኛው ጉሮሮ ነው የሚከፍለው።

ሮቦቱ ይህ አይቸግረውም። የግፊት መለኪያው በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ያነባል፣ ከልክ ሲያልፍ ቫልቩ ይከፈታል፣ ሲጎድል ፓምፑ ይሞላል። አምቡላንስ ውስጥ ፓምፑም ቫልቩም መለኪያውም አብራ የምትሄደው ነርስ ናት። ብዙዎቻችን ውጪ የቀረችውን ትንሽ ፊኛ በጣት ጫን እያደረግን «ደህና ናት» እንላለን። ጣት መለኪያ አይደለም። ሲወረድ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ፊኛዋ ትሟሽሽና ምራቅና ትውከት ወደ ሳንባ ይሾልካል።

እኔ የምለው፣ ማኖሜትር በአምቡላንሱ ይግባ፤ ደብረ ሲና ሲደረስ አንዴ፣ ዋሻው አፍ ላይ አንዴ፣ ደብረ ብርሃን ሲገባ አንዴ ይለካ። የምህንድስና ልጆችም ከሮቦቱ በፊት ለዚህች ፊኛ ራሷን የምታስተካክል ርካሽ ቫልቭ ይሥሩልን። መሞከሪያ ዳገት አላጣንም።