«ከሸፈ» ስለሚባለው ጥይት

ምላጩ ተስቦ ጠመንጃው ዝም ያለ እንደ ሆነ በአማርኛ «ከሸፈ» ይባላል። ቃሉ ዛሬ ለሤራና ለዕቅድም ይነገራል። እኛ ግን በተኩስ ሜዳ ያለውን አገልግሎቱን ስንመረምር፥ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ተጠቅልለው እናገኛለን። አንደኛው ካፕሱሉ ተመትቶ ባሩዱን ፈጽሞ ያላቀጣጠለ ጥይት ነው። ሁለተኛው እሳቱ ዘግይቶ የሚነሣ ነው። ሦስተኛው በደካማ ድምፅ ተተኩሶ አረሩ በቱቦው ውስጥ የሚቀር ነው። እነዚህን ለይቶ አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ታሪክ ይመሰክራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፥ በ1863 በጌቲስበርግ ከተደረገው ውጊያ በኋላ፥ ከሜዳው የተለቀሙ 27,574 ጠመንጃዎች ተቈጥረው ነበር። ከነዚህ 24,000 የሚያህሉት እንደ ጐረሱ ተገኙ። ግማሾቹ ሁለት ሁለት ጕርሻ ነበረባቸው፤ ወደ 6,000 የሚጠጉት ከሦስት እስከ ዐሥር፥ አንዱ ደግሞ 23! በአፉ የሚጐርሰው ጠመንጃ ካፕሱሉ ሲከሽፍ፥ ወታደሩ በጐረቤቱ ተኩስ ጩኸት ተታሎ የተኰሰ መስሎት ሌላ ይጨምርበታል ማለት ነው። ነገሩን ለፍርሃት ብቻ የሚሰጡ ጸሐፊዎች አሉ። ፍርሃት መኖሩን አንክድም፤ ነገር ግን ጠመንጃው ትከሻን እንዳልመታ በዚያ ሁካታ ማን ያስተውላል? በዛሬው የተኩስ ሜዳም ጆሮውን የሸፈነ ተማሪ ከዚህ ስሕተት የራቀ አይደለም።

የዘገየውን ጥይት በግልጽ ያሳየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው አውሮፕላን ነው። መትረየሱ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል እንዲተኩስ ተደርጎ ተሠራ። ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ቢዞር፥ በሴኮንድ መቶኛ ብቻ የዘገየ ጥይት ፕሮፔለሩን 72 ዲግሪ ዞሮ ያገኘዋል፤ የራሱንም አውሮፕላን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥይት ተመርጦ ይሰጥ ነበር። የብዙዎቹ መዘግየት በሰው ጆሮ የማይለይ ስለ ሆነ ነው፥ ብዙ ተኳሾች በሜዳ ላይ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቁ የሚለውን ደንብ እንደ ከንቱ ሥርዐት የሚቈጥሩት። ደንቡ ግን የተጻፈው ለብዙዎቹ ሳይሆን ለብርቁ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደ ቀና፥ መዝጊያውም ሳይከፈት መቈየት አለበት። መዝጊያው ተከፍቶ ሳለ ጥይቱ ቢነሣ፥ ቀለሁን የሚይዘው ብረት ስለማይኖር ፍንጣሪው በተኳሹ ላይ ይመለሳል።

በሀገራችንም ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው። ከፈረንሳይ የመጣው የ1874 ሞዴል የግራ ጠመንጃ፥ እኛ ውጅግራ የምንለው፥ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ባዶው ቀለህ በአገር ውስጥ ባሩድ እንደገና የሚሞላ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ጥይቱ እንደ አሞሌው ሁሉ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ፥ በዝናብና በፀሐይ የተመላለሰ ጥይት በተኩስ ቀን ምን ያህል ይታመናል? የጥቁር ባሩድ ጠባዩ እርጥበት መሳብ ነው፤ በካፕሱል ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ፉልሚናትም በሙቀት ብዛት ይደክማል። መጠኑ ያነሰ ወይም የረጠበ ባሩድ ደግሞ ሦስተኛውን ዓይነት ያስከትላል።

ይህ ሦስተኛው በእኛ ግምት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጠመንጃው የተኰሰ ይመስላልና። ምልክቱ ድምፁ የታፈነ፥ ግፊቱም የላላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ተኩስ ይቆማል፤ ጥይቱ ሁሉ ወጥቶ ቱቦው በቂጡ በኩል ይታያል፥ አለዚያም ዘንግ ይገባበታል። አረሩን በሁለተኛ ጥይት ገፍቼ አወጣለሁ ያለ ሰው ቱቦውን ያፈነዳዋል። የከሸፈውም ጥይት በኪስ አይያዝም፤ እንደ ጥንቱ ዝርዝር ገንዘብ ከቤት አይወሰድም፤ ለሜዳው ኀላፊ ይሰጣል።