የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ፦ እንክብካቤው ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

የአእምሮ እድገት ውስንነት በልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሁኔታ ነው፤ ከአእምሮ ሕመም ይለያል። በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ አዋቂዎቹን በአብዛኛው የሚንከባከበው ቤተሰብ ነው። ወላጅ ሲደክም ወደ ዘመድ ቤት ወይም ወደ ማዕከል ማዛወር ይታሰባል። አዲስ አበባ እንዳለው መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት በዋናነት የተቋቋሙት ደጋፊ ላጡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ስለሆነ፣ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የትም ይኑር፣ እነዚህን ያረጋግጡ፦

• አይታሰርም፣ አይቆለፍበትም፣ አይመታም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እሱንም ይጠብቃል።
• የሚለብሰውን ይመርጣል፤ አቅሙ የፈቀደውን ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ አይውልም።
• የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ አይቋረጥም።
• እርስዎ ሳይነግሩ ሄደው ሊጠይቁት ይችላሉ።

ሕመሙን በቃል መናገር ላይችል ይችላል። ድንገት መጮህ፣ ምግብ መተው ወይም ራሱን መምታት ከጀመረ «አመሉ ነው» ብለው አይለፉት፤ የጥርስ ወይም የጆሮ ሕመም፣ ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ጠባዩን በደንብ የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይሂድ። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ ግን ድንገተኛ ነው፤ ሳይዘገዩ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ያድርሱት።