ስለ ኒሻን አሰጣጥ ደንብ

ልጆቼ ሆይ፤ ወደ ገነተ ማርያም የመጣችሁ እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የዐፄ ይኵኖ አምላክን ሥዕል ታያላችሁ። ዐለቱን የፈለፈለው ሰው ግን አልተሣለም። ይህ በልጅነቴ ያስገርመኝ ነበር፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝን ታሪክ ስማር ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ።

ንግሥት ቪክቶሪያ በ1856 (የእንግሊዞችን ዓመት በእነርሱው አቈጣጠር እጽፋለሁ) በስሟ የሚጠራውን የነሐስ መስቀል ስታቆም፣ ማዕረግም የአገልግሎት ብዛትም ቁስልም እንዳይቈጠር፣ በጠላት ፊት የታየ ጀግንነት ብቻ እንዲመዘን ደነገገች። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ጕድለት አልጠፋውም። በጀግንነቱ የሞተ ሰው፣ ቢተርፍ ኖሮ ይሸለም ነበር ተብሎ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል እንጂ መስቀሉን አያገኝም፤ ይህ የታረመው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። ሁለተኛው ጕድለት ደግሞ ወደ አገራችን ያመጣናል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ በርጊንና ማግነር የተባሉ ሁለት ወታደሮች ቀድመው አጥሩን ጥሰው በመግባታቸው የቪክቶሪያን መስቀል ተሸለሙ። ማግነር ከበሮ መቺ ነበር፤ ደንቡ ማዕረግ አይመርጥም ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን ለዘመቻው ከመጣው 13,000 ያህል ወታደር የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት በአሮጌ በተደረገው ውጊያ የፑንጃብ ወታደሮች በሳንጃ ተዋግተዋል። ከእነርሱ አንዱ የማግነርን ሥራ ቢሠራ እንኳ መስቀሉ አይገባውም ነበር፤ ለሕንዳውያን ሌላ ኒሻን ተለይቶላቸዋልና። (በዚያው በአሮጌ የወደቀው ፊታውራሪ ገብርዬ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ እርሱን የሚያነሣው የገዛ አገሩ ሰው ነው።)

በ1911 ደንቡ ተሻሽሎ መስቀሉ ለሕንዳውያንም ተፈቀደ። በ1933 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ሕንዳዊ ምክትል መቶ አለቃ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የጠላትን ፈንጂ አራት ቀን ሙሉ ሲያነሣ ሰነበተ። መንገዱ 55 ማይል፣ ፈንጂ የተቀበረበትም ስፍራ 15 ነበር። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመታ፤ አብረውት የነበሩት ተጐዱ፤ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉት እንቢ አለ። የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። ከመቅደላ እስከዚያ ቀን 73 ዓመት ነው።

ሌላው እርማት የቅርብ ነው። ለአንድ ዓይነት ጀግንነት መኰንኑ ሚሊተሪ ክሮስ፣ ተራው ወታደር ሚሊተሪ ሜዳል ሲቀበሉ ኖሩ፤ ጌታና ሎሌ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ይመስላል። በ1993፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ዘመን፣ ሜዳሉ ቀርቶ መስቀሉ ለሁሉም ሆነ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ራሴን የምከስስበት ነገር ስላለኝ ነው። መምህር ሳለሁ በዓመቱ መጨረሻ የሽልማት መጽሐፍ የማድለው እኔ ነበርሁ፤ ደንቡም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ብቻ ይላል። አንድ ዓመት በሰኔ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ በትምህርቷ ደከም ያለች ልጅ አራት ታናናሾችን አንድ በአንድ አዝላ አሻገረች። መንደሩ ሁሉ አወራላት። አንድ ባልደረባዬ ለእርሷም መጽሐፍ እንስጥ ቢለኝ፣ ደንቡ አይፈቅድም ብዬ መለስሁለት። በበዓሉ ቀን ሦስቱ ሲሸለሙ እርሷ ከኋላ ቆማ አጨበጨበች። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡን አሻሻልነው፤ የተጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ልጅቱ ግን በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።