የኡስኒክ አሲድ ታሪክ፦ ከዛፍ ቅርፊት እስከ ቁስል ቅባት

ላይከን አንድ ተክል መስሎ ቢታይም በውስጡ ፈንገስና አልጌ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ጥምረት ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳዊው የእጽዋት ሊቅ ሲሞን ሽዌንድነር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ይህን ሲያስረዳ ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። ከላይከን ዝርያዎች መካከል በባሌ ተራሮች በኮሶና በአስታ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ የሚታየው ኡስኒያ፣ ኡስኒክ አሲድ የተባለ መራራ ውሁድ ይዟል። ውሁዱ በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ የደረቀው ላይከን በአሴቶን ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ ሲተንም ቢጫ ክሪስታል ከዕቃው ግርጌ ይቀራል።

ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ክኖፕ ይህን ውሁድ በ1844 ለይቶ ቢያወጣውም፣ ባክቴሪያን የመግታት ኃይሉ ትኩረት ያገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፔኒሲሊን ተመራማሪዎችን ሁሉ ለአዲስ ፍለጋ ባነሣሣበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በ1944 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ፖል በርክሆልደርና ባልደረቦቹ 42 የላይከን ዝርያዎችን ፈትሸው 27ቱ ባክቴሪያን እንደሚገቱ አስታወቁ። ኡስኒክ አሲድ በተለይ የሚበረታው ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት፣ ማለትም በግራም የማቅለሚያ ዘዴ ሐምራዊ ቀለም ይዘው በሚቀሩት ባክቴሪያዎች ላይ ሲሆን፣ ቁስልን የሚያመግለው ስታፊሎኮከስም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በፊንላንድ ኡስኖ የተባለ ቅባት ሲዘጋጅ፣ በሶቪየት ኅብረት ደግሞ የውሁዱ የሶዲየም ጨው ቢናን በሚል ስም፣ በአልኮልና ከጥድ መሰል ዛፍ በሚገኝ ሙጫ እየተበጠበጠ ለቁስልና ለቃጠሎ ይቀባ ጀመር። ከዚህ በላይ ያልሄደበትን ምክንያት የፔኒሲሊን ድል ብቻ አድርጎ ማየት ግን ታሪኩን ያሳጥረዋል። የፔኒሲሊን ሻጋታ በፋብሪካ ጋን ውስጥ በቀናት ሲራባ አብዛኞቹ ላይከኖች በዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህም የከፋው፣ ውሁዱ ሲዋጥ ማይቶኮንድሪያን፣ ማለትም የሕዋስን ኃይል አመንጪ ክፍሎች፣ የሚያውክ መሆኑ ነው።

የቀድሞዎቹ ሐኪሞች በቆዳ ላይ መወሰናቸው ብልኅነት እንደነበር የታየው፣ ነጋዴዎች ውሁዱን በማክሻ ክኒን ውስጥ ጨምረው መሸጥ ሲጀምሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኅዳር 2001 ሊፖኪኔቲክስ የተባለውን ክኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው በመጎዳቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ክኒኑ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ስለነበሩበት ጥፋቱ ሁሉ የኡስኒክ አሲድ ነው ባይባልም፣ ውሁዱ የሚቀባ እንጂ የሚዋጥ አለመሆኑን ለማሳየት ይህ በቂ ነበር።