ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ምን ዓይነት ክትትል ይገባዋል?

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ሐኪሙ በማዳመጫ ሰምቶ «ደህና ነው» ቢልም አይበቃም፤ አንዳንዱ የልብ ቀዳዳ መጀመሪያ ላይ ድምፅ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) መነሣት አለበት። ችግሩ ሳይታወቅ ከቆየ ወደ ሳንባ የሚሄደው ከመጠን ያለፈ ደም የሳንባን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከበረታ ደግሞ ልቡን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ላይቻል ይችላል። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ የሚደክመው ወይም ክብደት የማይጨምር ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ።

የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ ማብዛትና የዕድገት መዘግየት ብዙ ጊዜ «ከሲንድሮሙ ነው» ተብለው ይታለፋሉ። በእኔ እይታ ከሁሉ የሚጎዳው ይህ አባባል ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም እነዚሁኑ ምልክቶች ያሳያል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚወሰድ ክኒን ይታከማል። ምርመራው ሲወለድ፣ በ6 ወሩ፣ በ1 ዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል። ዓይንና ጆሮም ይታዩ፤ አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ በደንብ የማይሰማ ሊሆን ይችላል።

በየቀጠሮው ሐኪም ስለሚቀያየር ውጤቶቹን በአንድ ፋይል ይያዙ። «ታይሮይዱ መቼ ነው የታየው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ልጁ አንገቱን ካመመው፣ አረማመዱ ከተለወጠ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ከለመደ በኋላ ካመለጠው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የላላ የአንገት አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል።