ላም አለኝ በሰማይ፦ የቶሮንቶው መድኃኒትና የእኛ ወገን

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ርካሽ የመድኃኒት ቅጂ ለድሃ አገሮች እንዲላክ የሚፈቅድ ሕግ ስታወጣ ብዙዎቻችን አጨብጭበን ነበር። በኦገስት 2006 ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በዚሁ በቶሮንቶ ሲከፈትም፣ ቢል ጌትስ ሴቶች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ራሳቸውን ከቫይረሱ የሚከላከሉበት መድኃኒት እንዲፈለግ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፈን ሃርፐር ግን በጉባኤው አልተገኙም።

ሕጉስ ምን ሠራ? አምራቹ በመጀመሪያ ከባለ ፓተንቱ ጋር መደራደር፣ ከዚያም ለአንድ አገርና ለተወሰነ መጠን ብቻ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። በዚህ የተነሳ የተጠቀመችበት አንዲት ሩዋንዳ ብቻ ናት፤ የቶሮንቶው አፖቴክስ በ2008 እና በ2009 የሕክምና ክኒን ላከላት። አገራችን በ2005 የጀመረችው ነፃ ሕክምና የቆመው በዚህ ሕግ ሳይሆን በግሎባል ፈንድና በአሜሪካ ዕርዳታ ነው። ሕጉን ለማቃለል የቀረበው ረቂቅም በማርች 2011 የታችኛውን ምክር ቤት ቢያልፍም፣ ምርጫ በመጠራቱ ሴኔት ላይ ቀረ።

የተመኙት የመከላከያ ክኒን በካናዳ በ2016 ተፈቀደ። ሆኖም በኦንታሪዮ መንግሥት የሐኪሙን ሒሳብ ይከፍላል እንጂ፣ በመድኃኒት ፕሮግራሙ ያልታቀፈና የሥራ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ክኒኑን የሚገዛው ከኪሱ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ጽዳት የምትሠራው ወገናችን የት ይግባ?

ለአፍሪካ የተከለከለው በር እዚሁ ደጃችን ላይም ተዘግቷል። የሚያስከፍተው ጭብጨባ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።