በወረርሽኝ ወቅት በውጭ ሀገር ለሚሠሩ ዜጎች የሚሰጥ የግል የጤና መድን ሽፋን

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 በሽታን እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመበት ወቅት፣ ከትውልድ ሀገራቸው ውጭ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። ጥያቄውም በበሽታው ቢያዙ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው የሚል ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በአሠሪያቸው አማካይነት የተገዛ የጤና መድን ካርድ ነበራቸው። ካርዱ የባለቤቱን ስም፣ የመድን ሰጪውን ኩባንያና ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ያሳያል። ውሉ ለወረርሽኝ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ ግን በካርዱ ላይ አይጻፍም።

በርካታ ኢትዮጵያውያን ለሥራ የሚሄዱባቸው የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የውጭ ዜጎችን የጤና መድን በሕግ አስገዳጅ ካደረጉ ቀዳሚ አገሮች መካከል ይጠቀሳሉ። በመሆኑም የግል የጤና መድን በወረርሽኝ ወቅት ምን ያህል እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያበቃ ለመረዳት የእነዚህን ሀገሮች ተሞክሮ መመልከቱ ይጠቅማል።

መድን ሰጪዎች ወረርሽኝን ከሽፋን ውጭ የሚያደርጉበት ምክንያት

የመድን ሥራ የተመሠረተው ብዙዎች አረቦን ከፍለው ጥቂቶች ሲጎዱ ከተሰበሰበው ገንዘብ ካሳ በመክፈል ላይ ነው። በጅዳ አንድ ሠራተኛ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ቢሰበር በሪያድ ያለው ሌላ ሠራተኛ የመሰበር ዕድሉ አይጨምርም። አደጋዎቹ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ በመሆናቸው መድን ሰጪው በዓመት ስንት ሰው እንደሚታከም አስቀድሞ መገመት ይችላል። ተላላፊ በሽታ በአገር ደረጃ ሲዛመት ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል። የአንዱ መታመም የሌላውን መታመም ያስከትላል፤ የካሳ ጥያቄው በአንድ ጊዜና ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ለመድን ኩባንያዎች የጠለፋ ዋስትና የሚሰጡት ትልልቅ ድርጅቶችም ቢሆኑ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ተጠያቂ ይሆናሉ።

በዚህም ምክንያት በብዙ የመድን ውሎች መጨረሻ ገጾች ላይ ከሽፋን ውጭ የሆኑ ጉዳዮች በሚለው ዝርዝር ውስጥ ጦርነትና የኑክሌር አደጋ ካሉበት ረድፍ ወረርሽኝም ተጠቅሶ ይገኛል። በባሕረ ሰላጤው ከነበሩት ውሎች አንዳንዶቹ በዓለም አቀፍ ወይም በሀገር ደረጃ ወረርሽኝ ተብሎ ለታወቀ በሽታ የሚደረግን ሕክምና በግልጽ ከሽፋን ውጭ ያደርጉ ነበር። ዝርዝሩ በትንንሽ ፊደላት፣ ያውም ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ የሚጻፍ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ይሁንና ሥራው በተግባር ሲታይ የተጠበቀው ሁሉ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሆስፒታሎች አጣዳፊ ያልሆኑ ሕክምናዎችን በማዘግየታቸው አንዳንድ የጤና መድን ድርጅቶች ከተለመደው ያነሰ ካሳ ከፍለዋል። በብሪታንያ ቡፓ የተባለው ድርጅት ከዚህ የተገኘውን ልዩ ትርፍ ለደንበኞቹ እንደሚመልስ በዚያው ዓመት ቃል ገብቶ ነበር።

የጉዞ መድንና የጤና መድን ልዩነት

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የጉዞ መድን ለአጭር ቆይታ የሚገዛ ሲሆን ድንገተኛ ሕመምን፣ ወደ ሀገር መመለስንና የሻንጣ መጥፋትን የመሳሰሉትን ይሸፍናል። ወደ ሸንገን አባል አገሮች ለአጭር ጊዜ ቪዛ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የመድን ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው በዚሁ ዓይነት መድን ነው። በውጭ ሀገር ተቀጥሮ ለሚኖር ሰው የሚያስፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የጤና መድን ነው።

ልዩነቱ በወረርሽኙ ጊዜ ጎልቶ ታይቷል። የጉዞ መድን ሰጪዎች አንድ አደጋ በይፋ ከታወቀ በኋላ ለተገዛ ውል በዚያ አደጋ ምክንያት ካሳ አይከፍሉም። ለኮቪድ-19 ይህ የመታወቂያ ቀን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ አካባቢ ተወስኗል። በተጨማሪም መንግሥት ዜጎቹ እንዳይጓዙ ሲመክር ምክሩን ተላልፎ የሚሄድ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር ወደየትኛውም አገር ጉዞ እንዳይደረግ ባሳሰበ ጊዜ የደረሰው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አቅጣጫው ተገልብጧል። ታይላንድ ድንበሯን ቀስ በቀስ ስትከፍት የሚገባ የውጭ ዜጋ ኮቪድ-19ን ጨምሮ 100,000 የአሜሪካ ዶላር የሚሸፍን መድን እንዲይዝ አስገድዳለች። መጠኑ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ወደ 50,000 ዶላር ዝቅ ብሎ በጁላይ 2022 ግዴታው ቀርቷል። ቀደም ሲል በገዛ ፈቃዳቸው ወረርሽኝን ያገለሉ ኩባንያዎች፣ አገሮች እንደ መግቢያ ፈቃድ ሲጠይቁት ሽፋኑን ለብቻው እያዘጋጁ መሸጥ ጀምረዋል።

የሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አሠራር

ሳዑዲ ዓረቢያ በግሉ ዘርፍ ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች የጤና መድንን ግዴታ ያደረገው የኅብረት ጤና መድን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሕጉ መሠረት አረቦኑን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዱባይ በ2013 የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ሻርጃን፣ አጅማንን፣ ራስ አል ኸይማን፣ ኡም አል ቀይዋይንንና ፉጀይራን የሚያጠቃልሉት ሰሜናዊ ኤምሬትሶች ግን ወረርሽኙ ሲከሰት እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረባቸውም። በእነዚህ ኤምሬትሶች ለግል ዘርፍ ተቀጣሪዎችና ለቤት ሠራተኞች መድን መግባት ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሲሆን፣ መሠረታዊው ፓኬጅ በዓመት 320 ድርሃም እንዲሆን ተወስኗል።

በዱባይ ሕግ ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች የተዘጋጀው መሠረታዊ ፓኬጅ በዓመት እስከ 150,000 ድርሃም የሚደርስ ሕክምናን ይሸፍናል። ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ከሂሳቡ 20 በመቶ ይከፍላል፤ ሆኖም ድርሻው በአንድ ጊዜ ሕክምና ከ500፣ በዓመት ከ1,000 ድርሃም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ መድን የሚገባለት ሰው ቀድሞ ለነበረበት ሕመም እስከ ስድስት ወር መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። አሠሪው አረቦኑን ከሠራተኛው ደመወዝ መቁረጥ አይፈቀድለትም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ ሳምንታት ለሚቆይ ታማሚ ዓመታዊ ጣሪያው ትልቅ ትርጉም እንዳለው መገመት አያዳግትም። በሳዑዲ ዓረቢያ የውሉ ዓመታዊ ጣሪያ ከ500,000 ሪያል ወደ 1 ሚሊዮን ሪያል ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2020 የሳዑዲ ዓረቢያው ንጉሥ ሰልማን ለዜጎች፣ ለነዋሪ የውጭ ዜጎችና የመኖሪያ ፈቃድ ሕግን ለጣሱ ሰዎች ሳይቀር የኮቪድ-19 ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ አዘዋል። ፈቃድ የሌላቸው ታማሚዎች ወደ ሆስፒታል በመምጣታቸው በሕግ እንደማይጠየቁም በወቅቱ ተገልጿል። በሳዑዲ ዓረቢያም ሆነ በኤምሬትስ ክትባቱ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ለነዋሪ የውጭ ዜጎች በነፃ ተሰጥቷል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው በዚያ ዓመት ለታማሚው የደረሰለት ከመድን ውሉ ይልቅ የመንግሥት ትእዛዝ መሆኑን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ውል በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት ይችላል፤ ትእዛዝ ግን ለአንድ በሽታና ለአንድ ወቅት የሚወጣ ሲሆን ለሚቀጥለው ወረርሽኝ እንደገና መውጣት አለበት። በኮቪድ-19 ነፃ የታከመ ሠራተኛ በዚያው ወር በስኳር ወይም በኩላሊት ሕመም ቢተኛ የሚጠየቀው የመድን ካርዱን ነበር።

ሥራ ሲቋረጥ

ወረርሽኝ የሰውን ጤና ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይነካል። በአሠሪ የተገዛ መድን ከሥራ ውሉና ከመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከሚታወቀው ኢቃማ ጋር የተያያዘ ነው። ፈቃዱ ሲሰረዝ ሽፋኑም አብሮ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሲዘጉ፣ በረራዎችም ሲቆሙ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ደመወዝም፣ መድንም፣ ወደ ሀገሩ የሚመለስበት አውሮፕላንም የሌለው ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ሰው መድን በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት እንዲያጣ የሚያደርገው ይህ አሠራር የአሠሪ መድን ትልቁ ድክመት ነው ማለት ይቻላል።

በራሱ ስም ዓለም አቀፍ የጤና መድን የሚገዛ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ አሠሪው ቢለወጥም አረቦኑን እስከከፈለ ድረስ ውሉ ይቀጥላል። ይህን መሰሉ ውል የሚሸጠው ግን በዋናነት ለዲፕሎማቶች፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችና ለከፍተኛ ባለሙያዎች ነው። ዋጋው ከአንድ የቤት ሠራተኛ አቅም በላይ ነው።

የቤት ሠራተኞች ሁኔታ

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያሳስበው ይኸው የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የ1999ኙ ሕግ ያተኮረው በድርጅት ተቀጣሪዎች ላይ በመሆኑ በቤት ውስጥ የሚሠሩት ለረጅም ጊዜ ከአስገዳጁ መድን ውጭ ሆነው ቆይተዋል። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታው ወደ ቤት ሠራተኞች ተዘርግቷል፤ ነገር ግን የሚመለከተው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች በስሙ የተመዘገቡለትን አሠሪ ነው። አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችበት ቤት በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም።

በሊባኖስ የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት አሠሪው ለቤት ሠራተኛዋ የግል መድን መግዛት ይጠበቅበታል። ሆኖም የሀገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ከወረርሽኙ ጋር ሲደረብ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቁመው፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 በርካታ ኢትዮጵያውያት ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ተጥለው ታይተዋል። በወረቀት ላይ የሚገኝ መድን አሠሪው በሌለበት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይህ ክስተት በቂ ማሳያ ነው።

የኢትዮጵያ የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አሠሪው ከሚሸፍናቸው ወጪዎች መካከል የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን እንዲሁም የመድን ሽፋንን ይጠቅሳል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን በሕጋዊ መንገድ፣ የሥራ ውሏን አስመዝግባ ለሄደች ሠራተኛ ነው። በሕገወጥ ደላላ አማካይነት ድንበር ያቋረጠ ሰው ሊጠይቅበት የሚችል ውል አይኖረውም።

የሲንጋፖር ለውጥ

ከወረርሽኙ ትምህርት ወስደው ሕጋቸውን ካሻሻሉት መካከል ሲንጋፖር ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በሽታው በውጭ ሀገር ሠራተኞች የጋራ መኖሪያዎች ውስጥ በስፋት ሲዛመት የሕክምና ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ነበር። በወቅቱ አሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲገዙ የሚገደዱት መድን ዝቅተኛ ጣሪያ በዓመት 15,000 የሲንጋፖር ዶላር ብቻ ነበር። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 60,000 ከፍ ብሏል። ከ15,000 በላይ ካለው ሂሳብ መድን ሰጪው 75 በመቶ፣ አሠሪው 25 በመቶ ይከፍላሉ። ለውጡ ወረርሽኝን ብቻ የሚመለከት ባይሆንም፣ ከፍተኛ የሆስፒታል ሂሳብ በሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል።

በአውሮፕላን የማጓጓዝና የአስከሬን ጉዳይ

ዓለም አቀፍ የጤና መድን ውሎች ታማሚን በአየር አምቡላንስ ወደ ተሻለ ሕክምና የማጓጓዝ አገልግሎትን ያካትታሉ። አዲስ አበባ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች የተለመደው መዳረሻ ናይሮቢ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከማርች 25 እስከ ኦገስት 1 ቀን 2020 ዓለም አቀፍ የመንገደኞች በረራዎችን ባቆመች ጊዜ ግን ታማሚን ለማጓጓዝ የኩባንያው ክፍያ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ የመነሻና የመድረሻ አገሮች ፈቃድ፣ ታማሚውን የሚቀበል ሆስፒታልና ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ለመጫን የተዘጋጀ አውሮፕላን በአንድ ላይ መገኘት ነበረባቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያው ዓመት ለሠራተኞቹ የራሱን የኮቪድ-19 ታማሚ ማጓጓዣ ሥርዓት ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

አስከሬን ወደ ሀገር ለመመለስ የሚገባው ሽፋንም ተመሳሳይ ገደብ አለበት። ውሉ ወጪውን እንጂ ፈቃዱን አይሸፍንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ባወጣው መመሪያ በተላላፊ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን የግድ መቃጠል አለበት የሚለው አመለካከት ትክክል አለመሆኑን አስታውቆ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰቦች በባሕረ ሰላጤው የሞቱባቸውን ዘመዶች የቀበሩት እዚያው ነው። በዚህ ጊዜ ያልተሠራበት የአስከሬን መመለሻ ገንዘብ በራሱ ለቤተሰብ አይከፈልም። የሟች ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚችለው የሕይወት መድን ተለይቶ ተገብቶ ከሆነ ሲሆን፣ ለዚህም የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ውሉ ቅጂና የመኖሪያ ፈቃዱ ቁጥር ያስፈልጋሉ። የእነዚህን ሰነዶች ቅጂ ከጉዞ በፊት በሀገር ቤት ለቤተሰብ መተው የካሳ ጥያቄውን ያቀላል።